«የኔ» ማለት ያቃተው ቡድን

በዚያ የመጨረሻ እሑድ ክሮይደን መናፈሻ ሣር ላይ የነበርነው እነዚህ ነን። ኳስ ወርዋሪያችን፣ ከምጽዋ የባሕር ኃይል ለሥልጠና መጥቶ ሳይመለስ የቀረው ሰው፤ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳሱን የሚቀበለው የአውቶቡስ ኮንዳክተር፤ የሁለት ተቃራኒ ድርጅቶች አባላት የሆኑ፣ እናታቸውን ፈርተው ብቻ የሚነጋገሩ ሁለት የጎንደር ወንድማማቾች፤ በአገር ቤት የፍርድ ቤት ሬጅስትራር የነበሩ፣ በለንደን የሆቴል ዘበኛ የሆኑና ሁላችንም አንቱ የምንላቸው ሰው፤ የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቶቹን በፕላስቲክ ከረጢት ካልያዘ ክሮይደን ጣቢያ መውረድ የማይሆንለት አንድ የሐረር ልጅ፤ ዲያቆኑ፤ እሱ፤ እና እኔ። ከመስመሩ ውጭ ካፒቴናችን ቆመዋል፤ ባለቤታቸው የሻይ ፔርሙሳቸውን በጉልበታቸው አቅፈው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ዳኛውም ነበር፤ ቀጭን እንግሊዛዊ፣ የሊጉ ጸሐፊም ራሱ። ተመልካች ከተባለ ውሻውን የሚያናፍስ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበር፤ ውሻው ጉዳዩን ሲጨርስ እሱም ሄደ።

ስለዚያ ቀን እስካሁን ለማንም ጽፌ አላውቅም። ዝምታዬን ሰዎች ጥልቀት አድርገው ሲቆጥሩልኝ ኖረዋል፤ እኔም ላርማቸው አልደፈርኩም። እውነቱ ግን ዝም ያልኩት የምናገረው ስለከበደኝ አይደለም፤ የምናገረው ነገር በቤዝቦል ኳስ ግንባሬን መመታቴ ስለሆነ ነው።

የእኛ አገር ሰዎች በለንደን ቤዝቦል ይጫወቱ ነበር ብል የሚያምነኝ ጥቂት ይሆናል፤ ምክንያቱን ሲሰማ ግን ያምነኛል። ደርግ ሥልጣን በያዘ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የእግር ኳስ ቡድናችን ለሦስት ተሰነጠቀ። አንደኛው ክፍል ወታደሮቹን እየተቹ መደገፍ ይገባል ባይ ነበር፤ ሁለተኛው በጠመንጃ መጣል አለባቸው ባይ፤ ሦስተኛው የሁለቱ ስሕተት ምን እንደሆነ የሚያብራራ። ሦስቱም የየራሳቸው ማልያ ነበራቸው። ኳሱ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በሦስተኛው ክፍል ሰብሳቢ ቤት ተቆልፎበት ስለቀረ ጨዋታው ቆመ። ቤዝቦል የተመረጠው እንግዲህ በዚህ ነው፤ በቤዝቦል ላይ አቋም የያዘ ድርጅት አልነበረም።

ጨዋታውን ያመጡልን ካፒቴናችን ናቸው። የአስመራ ሰው ናቸው፤ ካቶሊክ፣ አማርኛን በትምህርት ቤት የተማሩና ከብዙዎቻችን አሳምረው የሚጽፉ። በወጣትነታቸው በአስመራ የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር በልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠሩ ነበር። የተጫዋቾቹን ልብስ ያጥባሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአጥር የወጣውን ኳስ ፈልገው ይመልሳሉ፤ አንድ ተጫዋች ታሞ የቀረ እንደሆነ ደግሞ ጓንት ሰጥተው ሜዳ ያስገቧቸዋል።

«ዕድሜዬን ሙሉ የተጫወትኩት ሰው ሲጎድል ነው» ይሉ ነበር። «አሁን ግን እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቡድኑ የኔ ነው፤ እናንተ ናችሁ የምትጎድሉብኝ።»

በለንደንም ሥራቸው እዚያው ማጠቢያ ውስጥ ነበር፤ የሆስፒታል አንሶላ ያጥቡ ነበር። በዚህ ምክንያት የእኛ ማልያ ከሊጉ ሁሉ ነጭ ነበር። እንደኛ ጸዓዳ ሆኖ የተሸነፈ ቡድን እንዳልነበረ በእርግጠኝነት መናገር እችላለሁ። ሌሎቹ ቡድኖች በከተማው መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩ አሜሪካኖችና ካናዳውያን፣ አንዳንድ ቦታም ክሪኬት የሰለቻቸው እንግሊዞች ነበሩ። የምንጫወትበት ሜዳ ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ብዙ አይርቅም። ሁላችንም ክሮይደንን የምናውቀው በወረፋ ነበር፤ ጎሕ ሳይቀድ ሄዶ በብርድ መቆም፣ በመስኮት በኩል በማትገባን እንግሊዝኛ መጠየቅ፣ በማትገባቸው እንግሊዝኛ መመለስ። እዚያች ከተማ ለጨዋታ መውረድ ፍርድ ቤት ለሽርሽር እንደ መሄድ ያለ ነገር ነበር። የሐረሩን ልጅ በከረጢቱ ስንስቅበት፣

«ሳቁ» ይለን ነበር፤ «መንገድ ላይ ‹ለምን መጣህ?› ቢሉኝ ‹ኳስ ልመታ› ብል ማን ያምነኛል?»

በበጋው አጋማሽ፣ እንግሊዞች በጋ በሚሉት በዚያ ዝናብ መካከል፣ ዳኛው ካፒቴናችንን ለብቻ አነጋገራቸው። ነገሩን በትሕትና ነው የተናገረው፤ እንግሊዝ መጥፎ ነገር የሚናገረው በትሕትና ነው። ሜዳው ጠባብ ነው፣ የሚጠይቁ ቡድኖች በዝተዋል፣ ስለዚህ አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ዓመቱን የሚጨርስ ቡድን ለሚመጣው ዓመት ቦታ አይኖረውም። ካፒቴናችን በባቡር ስንመለስ ነገሩን ነገሩን። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩትና፣

«አንዲት ጨዋታ» አሉ። «ሁለት አልላችሁም። ዋንጫ አልላችሁም። አንዲት።»

 ሬጅስትራሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ጉዳዩ ይታያል» አሉ፤ የቆየ ልማዳቸው ነው።

እኔ ወደ ቡድኑ የገባሁት በሐሰተኛ ዝና ነው። በዩኒቨርሲቲ ስለ አንድ የብራና መጽሐፍ የዶክትሬት ጥናት እሠራ ነበር፤ ጥናቱ ዛሬም አላለቀም፤ ብራናው ከእኔ በፊት የሚያልቅ ይመስላል። ካፒቴናችን «የተማረ ሰው አለ» ሲባል ሰምተው የጨዋታውን ደንብ እንዳስረዳቸው ጠሩኝ። ደንቡን በሁለት ሳምንት ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት፤ ትርጓሜና ሐተታም ጨመርኩበት። ከዚያ ወዲህ በሜዳው ላይ ደንቡን እንደ እኔ የሚያውቅ አልነበረም። ኳስ እንዴት እንደሚያዝ ግን ደንቡ ውስጥ አልተጻፈም። መነጽሬን አጥልቄ ስሮጥ ምድሪቱ ወደ ላይ ትዘላለች፤ አውልቄ ስሮጥ ምድሪቱ የለችም። ካፒቴኑ ይህን አይተው ኳስ እምብዛም ከማይደርስበት ከሜዳው ሩቅ ጫፍ፣ ከሦስት ሰዎች መሐል አቆሙኝ። በቀኜ ዲያቆኑ ነበር። በግራዬ እሱ።

አሁን ስለ እሱ ልናገር። ከአንድ ትምህርት ቤት ወጥተን፣ በአንድ አውሮፕላን መጥተን፣ ኪልበርን ውስጥ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል አብረን ኖረናል። ወጥ የሚሠራው እሱ ነበር፤ እኔ ሽንኩርት እልጥና ስለ ሽንኩርት ታሪክ አወራለሁ። ከዚያ በኋላ ያ ስብሰባ መጣ። ድምፅ ይሰጥ ተባለ፤ ወታደሮቹን እንደግፍ ወይስ እንቃወም። እሱ እጁን ለተቃውሞ አወጣ። እኔ የሁለቱንም ወገን ሐሳብ በሚገባ እንደምረዳ ለማስረዳት ተነሥቼ ሩብ ሰዓት ያህል ተናገርኩ። ስቀመጥ ድምፁ ተቆጥሮ አልቋል። በመንገድ ላይ፣

«አንተ እኮ» አለኝ፣ «እራት ሲቀርብልህም ድምፀ ተአቅቦ ታደርጋለህ።»

እኔም ስለ ድርጅቱ አንድ ነገር መለስኩለት፤ በዚያ ሰሞን ሁላችንም ስለ ሁሉም የምንለውን ነገር። በሳምንቱ ልብሱንና ድስቱን ይዞ ካሌዶኒያን ሮድ ወደሚኖሩ የድርጅቱ ሰዎች ሄደ። በችኮላ ስለነበር የድስቱ ክዳን ከእኔ ቀረ። ልመልስለት አልሄድኩም፤ ሊወስድም አልመጣም። ድስት ሳይኖረኝ ክዳን ይዤ ሁለት ዓመት ያህል ኖርኩ። በዚህ ጊዜ ሁሉ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ካፒቴኑ የሰው ቂም የሚጠይቁ ሰው ስላልነበሩ ጎን ለጎን አቆሙን።

አሁን የቡድናችንን ዋና በሽታ ማስረዳት አለብኝ፤ ለዚህም ከደንቡ ጥቂት ያስፈልጋል። መቺው ኳሷን በዱላ ወደ ሰማይ ሲመታት፣ መሬት ሳትነካ ከተያዘች እሱ ይወጣል፤ ከወደቀች ግን እሱና ጓደኞቹ ይሮጣሉ፣ ነጥብም ያገኛሉ። ኳሷ በሁለት ሰዎች መካከል ስትወርድ ደግሞ እንዳይጋጩ አንደኛው «የኔ!» ብሎ መጮህ አለበት። እዚህ ላይ ነው ያለቅነው። በእኛ አስተዳደግ «የኔ» ብሎ የሚጮህ ልጅ ስግብግብ ይባላል፤ እንግዳ ሳይቀድም ከትሪው ያነሣ ልጅ ደግሞ እንግዳው እስኪሄድ ተጠብቆ ይቆነጠጣል። በር ላይ «ይቅደሙ»፣ «የለም እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ ወጡ የሚቀዘቅዝባቸው ሰዎች ነን። ኳሷ ደግሞ እንደ ወጥ አትጠብቅም።

የመጀመሪያውን ጨዋታ የተሸነፍነው በሬጅስትራሩና በዲያቆኑ መካከል በወረደች ኳስ ነው። ሁለቱም ከሥሯ ደረሱ፤ ሁለቱም ጓንታቸውን ዘረጉ።

«እርስዎ ይውሰዱት!» አለ ዲያቆኑ።

«ኧረ አንተ ወጣት ነህ፣ ያዝ!»

«በፍጹም! እርስዎ ቆመው እኔ?»

«በሞቴ!»

«እኔ ልሙት!»

ኳሷ በመካከላቸው ጧ ብላ ወደቀች። ሁለቱም ጎንበስ አሉ፤ ለማንሣትም ተጋበዙ። በዚያች ጊዜ ሦስት አሜሪካኖች ዞረው ገቡ።

ካፒቴናችን በሚቀጥለው ልምምድ ሁላችንን በአንድ መስመር አቆሙን። «ዛሬ ኳስ የለም» አሉ። «ዛሬ ጩኸት ነው። እያንዳንድህ ወደ ሰማይ አይተህ ‹የኔ!› ትላለህ። በል አንተ ጀምር።»

የባሕር ኃይሉ ሰው እንደ ታዘዘ ወታደር ጮኸ። ኮንዳክተሩ አውቶቡስ ውስጥ የለመደ ጉሮሮ ስለነበረው ጩኸቱ ከመንገዱ ማዶ አንድ መስኮት አስከፈተ። ሬጅስትራሩ ተራቸው ሲደርስ ግራ ቀኝ ካዩ በኋላ በልከኛ ድምፅ «ይህቺ ኳስ ለኔ የምትገባ ይመስለኛል» አሉ።

«ዋይ! ኳስ ናት እንጂ ርስት ናት እንዴ? አጠር አድርገው ይጩሁ!» አሉ ካፒቴኑ።

የእኔ ተራ ሲደርስ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። ጉንፋን እንደያዘኝ ተናገርኩ። እሱ ከመስመሩ ጫፍ ሆኖ ወደ ዲያቆኑ ዘወር አለና ሁሉም እንዲሰማ፣

«ጉንፋን አይደለም በለው» አለ። «ይሄ ሰው ሁለቱንም ወገን ይረዳል።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሁሉ የባሰው ይህ ነው።

የሚያስገርመኝ እነዚሁ ጨዋዎች በስብሰባ ላይ ለአንዲት ዐረፍተ ነገር ንቅንቅ አለማለታቸው ነበር። አገሪቱን፣ ታሪኩን፣ ሰፊውን ሕዝብ «የኔ» ለማለት ያፈረ ሰው አላየሁም። ኳስን ግን ለወንድማችን እንተው ነበር።

ከጩኸቱ ልምምድ በኋላ ሌሎቹ ቀስ በቀስ ለመዱት። ወንድማማቾቹ እንዲያውም ከልኩ አለፉ፤ ዳኛው ሳንቲም ሲወረውርም «የኔ!» ይሉ ጀመር። በሽታው የቀረው በሜዳው ጥግ፣ በእኔና በእሱ መካከል ነበር። የእኛ ግን ጨዋነት አልነበረም። ኳሷ በመካከላችን ስትወርድ «የኔ» ማለት እሱን ማናገር ነው፤ እሱም ቢል እኔን ማናገሩ ነው። ስለዚህ ሁለታችንም ቆመን ስትወድቅ እናያታለን፤ ከወደቀች በኋላ ቀድሞ የተናደደው ያነሣታል። ሦስት ጨዋታ በዚህች ሰበብ ሄደብን። ካፒቴኑ ምክንያቱን ስላላወቁ በእጃቸው ራሳቸውን ይዘው፣

«እንዴት ያላችሁ ጨዋዎች ናችሁ!» ይሉ ነበር። «እናቶቻችሁ እንዴት አድርገው አሳደጓችሁ!»

በባቡር ላይ ዲያቆኑ በመካከላችን ይቀመጣል። የየትኛውም ድርጅት አባል አልነበረም፤ ቢያንስ እንዲያ ብለን እናምን ነበር። ስለዚህ ሁሉም በእሱ በኩል ይነጋገራል።

«ለዚያ ሰውዬ» ይላል እሱ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ፣ «የጫማው ማሰሪያ ተፈትቷል በልልኝ።»

ዲያቆኑ ወደ እኔ ዞሮ፣ «የጫማህ ማሰሪያ ተፈትቷል ይልሃል።»

«አውቄያለሁ በለው።»

«አውቄያለሁ ይልሃል።»

«ካወቀ ለምን አያስረውም?»

«ለምን…»

«ሰማሁት። በራሴ ጊዜ አስረዋለሁ በለው።»

ዲያቆኑ ይህን ሁሉ ሳይስቅ ያደርስ ነበር። አንድ ቀን ብቻ ቪክቶሪያ ስንወርድ ቆም ብሎ፣ «ቅዳሴ ላይ እንኳ ሕዝቡ በቀጥታ ይመልሳል» አለን።

እንዲህ እንዲህ እያልን የመጨረሻው እሑድ ደረሰ። እስከዚያ ድረስ አንድም አላሸነፍንም። ተጋጣሚዎቻችን የአንድ መሥሪያ ቤት አሜሪካኖች ነበሩ፤ እውነቱን ለመናገር ከእነሱ አራቱ በዋዜማው ሠርግ ላይ አምሽተው ነው የመጡት፤ አንደኛው ቆሞ ሳለ ዓይኑን ይጨፍን ነበር። ይህን ካፒቴናችን በሕይወት ሳሉ ለማንም አልተናገርኩም። የባሕር ኃይሉ ሰው በዚያ ቀን በደንብ ወረወረ፤ ሬጅስትራሩ ሳያስቡት ዱላውን ዘርግተው ኳሷ ራሷ መጥታ ገጨችላቸው፤ ከወንድማማቾቹ አንደኛው ሌላኛውን እየገፋ አስገባው። የመጨረሻው ዙር ሲደርስ በአንድ ነጥብ እንመራ ነበር።

ሁለት ሰው አስወጥተናል፤ የቀረን አንድ ነው። ከአሜሪካኖቹ ሁለቱ መስመር ላይ ቆመው ለመሮጥ ተዘጋጅተዋል። ስለዚህ ነገሩ ለሁላችንም ግልጽ ነበር፤ የሚቀጥለው ኳስ ከተያዘ አሸነፍን፣ ካፒቴኑም ቡድናቸውን ይዘው ይቀራሉ፤ ከወደቀ ሁለቱ ይገባሉ፣ ሁሉም ነገር በዚያው ያልቃል። ካፒቴኑ መቆም አቅቷቸው አግዳሚው ላይ ከባለቤታቸው ጎን ተቀመጡ፤ ወዲያው ተነሡ።

መቺው ያ ዓይኑን የሚጨፍነው ነበር። ጨፍኖም እንደሆነ አላውቅም፤ ዱላው ግን ኳሷን አገኛት። ወደ ላይ ወጣች። ረጅም ወጣች። ከዛፎቹ ጫፍ በላይ ለጥቂት ጊዜ ቆማ የምታስብ መሰለችኝ፤ ከዚያ መውረድ ጀመረች፤ በቀጥታ በእኔና በእሱ መካከል።

ሁለታችንም ሮጥን። ሁለታችንም ዝም አልን። ከሩቅ የካፒቴኑ ድምፅ ሲመጣ ሰማሁት፤

«ተነጋገሩ! ስለ እግዚአብሔር ተነጋገሩ እንጂ!»

በዚያን ጊዜ ከአጠገቤ አንድ ሰው «የኔ! የኔ! የኔ!» እያለ ሲጮህ ሰማሁ። እንዴት ያለ ስድ ነው ብዬ አሰብኩ። ሰውየው እኔ እንደሆንኩ የተረዳሁት እሱ ሩጫውን ገታ አድርጎ ወደ ኋላዬ ሲዞር ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ አንድ ነገር የራሴ መሆኑን አውጄ ነበር፤ በሦስት ድምፅ፣ ያለ ተቃውሞ። ጓንቴን ዘረጋሁ። ደንቡን አስታወስኩ። ኳሷ በጓንቴ አጠገብ አልፋ ግንባሬን መታችኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የማውቀው ከሌሎች ሰምቼ ነው። ኳሷ ከግንባሬ ነጥራ ሁለት ክንድ ያህል ወደ ላይ ተነሣች ይላሉ። እሱም፣ ልይዛት እንደማልችል ከሽንኩርቱ ዘመን ጀምሮ ያውቅ ስለነበር፣ ከኋላዬ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። መሬት ሳትነካ በአንድ እጁ ያዛት።

ዓይኔን ስገልጥ ሰማይ ነበር፤ ከሰማዩ በታች የእሱ ፊት።

«አትነሣ» አለ። ለእኔ ነው ያለው። ዲያቆኑ ገና ከሩቅ እየሮጠ ነበር።

«ወደቀች?»

«አንተ ነህ የወደቅከው። ኳሷ እኔ ዘንድ ናት።»

«በደንቡ መሠረት» አልኩ ተጋድሜ፣ «ኳስ ከአንድ ተጫዋች አካል ነጥራ መሬት ሳትነካ በሌላው ከተያዘች…»

«ዳኛው ያውቀዋል» አለ። «እጁን አውጥቷል። ዝም በል።» ግንባሬን በጣቱ ነካ፤ ጮህኩ። «ያ ሁሉ የተማረ ጭንቅላት ዛሬ ገና አገር ጠቀመ።»

«የኔ ብዬ ነበር እኮ።»

«ሰማሁህ፤ ክሮይደን በሙሉ ሰምቶሃል። ካልክ አይቀር ለምን አትይዛትም?»

«ድምፅ መስጠቴ አይበቃም?»

ለቅጽበት አየኝ። ከዚያም መሬት ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ እኔም ራሴ እየተሰነጠቀ ሳቅሁ። ዲያቆኑ ሲደርስ እያለከለከ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየና፣ «የማደርሰው ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«የለም» አልነው በአንድነት።

ከተነሣሁ በኋላ ወደ አግዳሚው ደግፎኝ ስንሄድ እሱ መሬት መሬት እያየ፣ «ክዳኑ አለ?» አለኝ።

«አለ።»

«ድስቱ ተበሳ።»

«መቼ?»

«አምና። ምስር አሳረርኩበት።»

 የስብሰባው ነገር አልተነሣም፤ ዛሬም ድረስ ተነሥቶ አያውቅም። ከወታደሮቹ ጋር በነበረን ጉዳይ ማን ትክክል እንደነበረ ሁለታችንም በኋላ ከአገር ቤት በሚመጣ ወሬ ተረዳን፤ ትክክል የነበረውንም እንኳ የሚያስደስት መልስ አልነበረም።

ካፒቴናችን ግን አልጨፈሩም፤ አልጮሁም። ጀርባቸውን ሰጥተውን አግዳሚው ላይ ለረጅም ጊዜ ተቀመጡ፤ ባለቤታቸው በኮታቸው እጅጌ ላይ እጃቸውን አኑረው ነበር። በኋላ ተነሥተው እንደ ወትሮው የማጠቢያውን ከረጢት ይዘው ማልያችንን ሰበሰቡ። የእኔ ላይ ሣርና ደም ነበረበት። ገልበጥ አድርገው አዩትና፣

«ደም በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚለቀው» አሉ። «በሙቅ የሚያጥብ ጅል ነው።» ድምፃቸው ልክ አልነበረም።

ከዚያ በፊት ከጨዋታ በኋላ በባቡር ስንሳፈር የካሌዶኒያን ሮድ ሰዎች ከፉርጎው መተላለፊያ በአንድ ወገን፣ የኪልበርን ሰዎች በሌላው ወገን ነበር የምንቀመጠው፤ ዲያቆኑ ብቻ ወዲያ ወዲህ ይላል። በዚያ ቀን ሁላችንም ተቀላቅለን ተቀመጥን። ኮንዳክተሩ በሩ ሲዘጋ አውቶቡስ ውስጥ እንደሚለው «ሆልድ ታይት!»፣ አጥብቃችሁ ያዙ፣ ብሎ ጮኸ፤ ተሳፋሪዎቹ ያዙ።

በፈረንጁ ክረምት፣ ዳኛው በስልክ ቦታችን እንደጸደቀ ለካፒቴኑ ነገራቸው። አንዲት ጨዋታ በቃች። ቦታ ግን ሰው አይሆንም። የባሕር ኃይሉ ሰው ቶሮንቶ ያለች እኅቱ ዘንድ ሄደ፤ ከዚያ የላከልን ፎቶግራፍ በበረዶ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ያሳያል። ዲያቆኑ ደግሞ በጥምቀት ሰሞን ጠፋ። በየትኛውም ወገን የለም ብለን ቃላችንን ሁሉ ያሸከምነው ሰው በሱዳን በኩል ወደ በረሃ ገባ። ለማንኛችንም አልነገረም፤ በመካከላችን ተቀምጦ ያን ሁሉ ቃል ሲያመላልስ የራሱን አንድም አላስተላለፈም። ጓንቱን አጽድቶ ለካፒቴኑ ባለቤት ትቶላቸው ነበር። ወደ የትኛው ድርጅት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም። ለመጠየቅ የሚሆን ሰው ብንፈልግ የሚጠይቅልን እሱ ነበር።

በፀደይ የመጀመሪያው የልምምድ እሑድ ሜዳው ገና ጭቃ ነበር። የሐረሩ ልጅ ፈቃዱ ተሰጥቶታል፤ ከረጢቱን ግን እንደያዘ መጣ፤ ለምዶታል። እሱና እኔ ከኪልበርን በአንድ ባቡር መጣን፤ አዲስ ድስት ገዝተናል፤ ክዳኑ ለአዲሱ ጠበበ። ካፒቴኑ ዱላ አንሥተው አንዲት ኳስ ወደ ላይ ሰደዱልን። በመካከላችን መጣች። እሱም «የኔ!» አለ፤ እኔም «የኔ!» አልኩ፤ ሁለታችንም እውነተኞች ነበርን። ግንባር ለግንባር ተጋጭተን ጭቃው ላይ ተዘረርን። ኳሷ በአጠገባችን ወደቀች።

ሬጅስትራሩ ከሩቅ «ጉዳዩ ይታያል» ሲሉ ሰማኋቸው።

 ካፒቴኑ በጣታቸው ቆጠሩን፤ ኮንዳክተሩን፣ ሁለቱን ወንድማማቾች፣ ሬጅስትራሩን፣ የሐረሩን ልጅ፣ ጭቃ ላይ ያለነውን ሁለታችንን። ደንቡ ዘጠኝ ነው የሚለው፤ ያንን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ወደ አግዳሚው ሄደው ኮታቸውን አወለቁ፤ ለባለቤታቸው ሰጡ። የዲያቆኑን ጓንት አጠለቁና በቀኜ ቆሙ።

«ሰው ጎድሏል» አሉ።

እሳቸውን ጨምሮ ስምንት ነበርን።